ለአርቴታ ዓመታት፣ ለራሳችን ዘጠና ደቂቃ

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ላስቀድም፤ ያለዚያ ነገሬ ሁሉ ስብከት ይመስላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ባህር ዳር ስታዲየም ተቀምጬ አንድ አሰልጣኝ ሰደብኩ። ስሙንም ክለቡንም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አልነበረም። ቡድኑ 1ለ0 እየተመራ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሃዬ አልቋል፣ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጃንጥላውን ዘርግቶ ግማሹን ሜዳ ጋርዶብኛል። አሰልጣኙ አጥቂ አስወጥቶ አማካይ ሲያስገባ ተነሣሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ውጣ! ከሜዳችን ውጣልን!» አልኩ። ሌላም ጨመርኩበት፤ እሱ እዚህ አይጻፍም። ከኋላዬ ያሉት ተቀበሉኝ፣ ቀጥሎ ያ ሁሉ መደዳ ተቀበለ። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ።

አጠገቤ አንድ ጠና ያሉ ሰው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ሰው ሲጫወት አይተኸዋል?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«እኔ አይቻለሁ። ያኔ በትከሻችን ተሸክመን ነው ከሜዳ ያወጣነው።» ከዚያ ቆሎውን ዘረጉልኝ። «እንካ፣ አፍህን ያዝበት።»

ሳቅሁ፤ ቆሎውንም በላሁ። ማታ ከጓደኞቼ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። አርሰናል ነጥብ ጣለ። ሚኬል አርቴታ ቡድኑን የያዘበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። አንዱ «ይሄ ልምድ የሌለው ልጅ ገደለን፤ ያባርሩት!» ሲል ተነሥቼ ጠበቃ ሆንኩ። «ጊዜ ስጡት እንጂ! ቡድኑን ከሥር እየሠራ ነው። ሂደቱን እመኑ!» በዚያው ቀን፣ በዚያው አፍ።

ከሳምንታት በኋላ ከሰዓት የሰደብኩት አሰልጣኝ መሰናበቱን ሰማሁ። አርቴታ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሁለት ሰዎች ነው፤ ከሰዓት ስታዲየም ስለነበርኩት እኔና ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ስለነበርኩት እኔ። ሁለታችንም የምናወራው ስለ አንድ ዓይነት ሰው ነበር፦ ጫማውን ሰቅሎ አሰልጣኝ ስለሆነ ተጫዋች። አንዱን ልንጠብቀው ዓመታት አልበዙብንም፤ ለሌላው ዘጠና ደቂቃ በዛበት። ክርክሬም አጭር ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾቻችንን ማፍቀር እናውቅበታለን፤ አሰልጣኝ ሲሆኑ ግን ያንን ፍቅር እንደ ብድር ከነወለዱ እናስመልሳቸዋለን። ትዕግሥታችንን ደግሞ ጩኸታችን ለማይደርሰው፣ ስማችንን ለማያውቅ ሰው አስቀምጠነዋል። የሚያሳዝነው፣ ትዕግሥታችን ዋጋ ያለው እዚህ እንጂ እዚያ አይደለም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የአርቴታ ሒሳብ

ሰውየው ሲጫወት አማካይ ነበር። ለአርሰናል ተሰልፏል፣ አምበልም ሆኗል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጫማውን ሰቅሎ ማንቸስተር ሲቲ የጋርዲዮላ ረዳት ሆነ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 አርሰናል ሲሾመው ከዚያ በፊት ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አንድም ቡድን መርቶ አያውቅም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ኤፍ ኤ ካፑን አነሣ፤ በሊጉ ግን 8ኛ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት እንደገና 8ኛ። ሦስተኛውን ዓመት ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አንድም ጎል ሳያገባ ተሸነፈ፦ በብሬንትፎርድ 2ለ0፣ በቼልሲ 2ለ0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5ለ0። አርሰናል የደረጃው ግርጌ ላይ ተቀመጠ።

እስቲ ይህን ሒሳብ ወደ እኛ ሊግ አምጡት። ሁለት ዓመት 8ኛ፣ ከዚያ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት፣ በመጨረሻው 5 ጎል ገብቶበት። ያ አሰልጣኝ አራተኛውን ጨዋታ ይመራል? ኧረ የመመለሻ አውቶቡሱ ላይም አይሳፈርም።

አርቴታ ግን ቆየ። ያንን ዓመት 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት በተከታታይ 2ኛ። እኛም፣ የባህር ዳር መድፈኞች፣ አብረነው ቆየን። ማልያ ገዛን፣ ተከራከርን፣ ተቆጣን፣ ታገሥን። የሰውየውን ሐሳብ ገና በጅምሩ ማንበብ ተማርን፤ የትኛው ተከላካይ ወደ መሐል እንደሚገባ፣ የማዕዘን ምት እንዴት እንደሚመታ፣ ግብ ጠባቂው ለምን ኳሱን በአጭሩ እንደሚጀምር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መታገሥ እንደምንችል፣ ከውጤት በስተጀርባ ሐሳብ ማየት እንደምንችል ያረጋገጥነው ራሳችን ነን። ስለዚህ «ሐበሻ ትዕግሥት አያውቅም» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። እናውቃለን። ለማን እንደምንሰጠው ነው ችግሩ።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል ያገሬ ሰው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህ ተረት አይጠፋውም። በደሴቶቹ ላሉት ገዳማት ከሩቅ አገር ስንቁን ቋጥሮ የሚመጣ አለ፤ ከዳሩ ያለነው እኛ ደግሞ ጀልባው ላይ ሳንወጣ ዓመት ያልፋል። ኳሳችንም እንደዚያው ሆኗል።

ሰውየው ጎል ብቻ አልነበረም

የእኛው ሰው ስሙ መንግሥቱ ወርቁ ነው። «አንተ» እያልኩ ብጽፍ ንቀት አይደለም፤ በእኛ አገር የኳስ ጀግና ቢያረጅም «አንተ» ነው የሚባለው፣ እንደ ወንድም።

ታሪኩን ግማሹን ታውቁታላችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ግብፅ ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ነበር የምትጫወተው። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ በጭማሪው ሰዓት 4ለ2 አሸነፈች። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። በዚያ ውድድር 3 ጎል አግብቶ ከግብፁ በዳዊ ጋር በኮከብ ግብ አግቢነት እኩል ወጣ። በተጫወተባቸው የአፍሪካ ዋንጫዎች በጠቅላላ 10 ጎል አለው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ቡድኑን ካሰለጠኑት አንዱ ደግሞ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ራሳቸው ለረጅም ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ ለእናቱ የሆነውን የአፍሪካ ዋንጫችንን ያገኘነው ጫማውን ሰቅሎ ወደ አሰልጣኝነት በገባ ተጫዋች ጊዜ ነው። ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከአምበሉና ከግብ አግቢው ሁለቱም በየተራቸው በዚያው መንገድ ሄደው የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆነዋል።

አሁን የማታውቁትን ግማሽ ልንገራችሁ። መንግሥቱ ወርቁ በ1974 ዓ.ም. ኢትዮጵያን አሰልጥኖ ሊቢያ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ወሰዳት። ምድቡ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ አልጄሪያ። ናይጄሪያ 3ለ0 አሸነፈችው። ዛምቢያ 1ለ0። ሦስተኛው ጨዋታ ከአልጄሪያ ጋር 0ለ0። አንድም ጎል ሳያገባ ከምድቡ ወጣ። ስታዲየም ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ከሰዓት የነበርኩት እኔ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ጎል አግቢ ነበርክ፤ ጎል ማግባት እንኳን አታስተምርም?»

ግን ያቺ አልጄሪያ ማን ነበረች? ከሦስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1982፣ ስፔን በተደረገው የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2ለ1 ያሸነፈችው አልጄሪያ ናት። ማጀርና ቤሉሚ ያገቡባት አልጄሪያ። ጀርመኖች ያላቆሟቸውን ሰዎች የመንግሥቱ ልጆች ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጎል አላስገቧቸውም። ሁለት ጊዜ የተሸነፈን ቡድን ለሦስተኛው ጨዋታ እንዲህ አድርጎ ማቆም የአሰልጣኝ ሥራ ካልሆነ፣ የአሰልጣኝ ሥራ የሚባለው ምንድን ነው?

የ1954ቱን ጎል ከአባቶቻችን ሰምተን አድገናል። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ፎቶው ይለጠፋል፣ ልብ ይደረግበታል፣ ያልቃል። ስለዚያ 0ለ0 ግን አንድም ሰው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ተጫዋቹን አስቀረነው፤ አሰልጣኙን ጣልነው። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2ለ0 አሸንፈን ስንመለስ አገሩ ሁሉ ጎዳና ወጣ። መንግሥቱ ግን አላየውም፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አርፏል። ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላም።

የሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ ከዚህም የመረረ ነው። ዋንጫውን ያነሣው እጅ፣ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጠነው ሰው፣ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ። ቀሪ ዕድሜውን ጣሊያን ኖሮ እዚያው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሞተ። ያ ሁሉ የሜዳ ዕውቀት አብሮት ተሰደደ።

ሦስት ጎል ያገባብን ሰው

«ዘመኑ ነው፣ ድህነቱ ነው፣ ፖለቲካው ነው» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነትም አለው። ግን አንድ ሌላ ሰው ላስተዋውቃችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1959 ካይሮ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅ ኢትዮጵያን 4ለ0 ስታሸንፍ ሦስቱን ያገባው ማሕሙድ ኤል ጎሃሪ የሚባል ወጣት ነበር። የዚያ ውድድር ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ መንግሥቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ሁለቱም ጫማቸውን ሰቀሉ፤ ሁለቱም አሰልጣኝ ሆኑ፤ ሁለቱም የአገራቸውን ቡድን ያዙ።

ኤል ጎሃሪ ግብፅን እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ዓለም ዋንጫ መለሳት፤ ከ1934 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያው ዓመት በወዳጅነት ጨዋታ በግሪክ 6ለ1 ሲሸነፍ አባረሩት። ግብፆችም መላእክት አይደሉም፤ ተቆጥተዋል፣ ጮኸዋል፣ ቸኩለዋል። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ነው፤ መልሰው ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1998 ዋንጫውን ይዞላቸው መጣ። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛው ናይጄሪያዊው ስቴፈን ኬሺ ነው፤ በ1994 ተጫዋች ሆኖ፣ በ2013 አሰልጣኝ ሆኖ። ኬሺን እናውቀዋለን፤ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ብቻ ሲቀረን በሩን የዘጋብን የእሱ ቡድን ነው። በሌላው ወንበር የነበሩት ሰውነት ቢሻው በዚያው የውድድር ዓመት ተሰናበቱ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱን፣ ለዓለም ዋንጫ በር ላይ ያደረሱን ሰው!

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጠሩት። ከ2006 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ ሰውነት፣ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህለ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ በዚያች ወንበር ተፈራርቀዋል። አንድ ልጅ አምስተኛ ክፍል ሳለ የጀመረውን የዋልያዎቹን አጨዋወት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ በሰባተኛ ሰው እጅ ያገኘዋል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚባለው እንዲህ ነው። ጥርሳችንን ሰብረን ስናበቃ «ሥጋው የት ሄደ?» እንላለን።

ኅዳር 9

ወደ ባህር ዳር ልመለስ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ስታዲየም ነበርኩ። ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2ለ1 አሸነፈች። ያን ቀን ያላየ ሰው ባህር ዳር ስትስቅ አላየም። ከስታዲየሙ እስከ ጣና ዳር ሰው በእግሩ ነው የሄደው፤ ባጃጆቹ በጡሩምባ ደነቆሩ፤ የማላውቀው ሰው አቅፎ አነሣኝ። አሰልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ጦርነት ውስጥ ያለችውን የመንን ለእስያ ዋንጫ ያሳለፈ ሰው።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ኳስ ቆመ። በኅዳር 2013 ቀጣዩ የማጣሪያ ጨዋታ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር። አስቡት፤ ኮትዲቯርን ያሸነፈ አሰልጣኝ ለሚቀጥለው ማጣሪያ የለም። እኛስ ምን አልን? ምንም። እቅፍ አድርገን ያነሣነውን ሰው ስም ለመጥራት እንኳን አልተቸገርንም።

የተተካው ውበቱ አባተ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ኳስን ከመሬት አንሥቶ በቅብብል መጫወት የሚወድ፣ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የሊጉ ሻምፒዮን ያደረገ። መጋቢት 15 ቀን 2013 እዚሁ ባህር ዳር ማዳጋስካርን 4ለ0 አሸነፈ፤ ለአፍሪካ ዋንጫም አሳለፈን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ደግሞ ግብፅን 2ለ0 አሸነፈ። የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ስታዲየሞቻችን በሙሉ ስለታገዱ «የሜዳችን» ጨዋታ ሰው አገር ነበር። ከአሥር ወር በኋላ እሱም ተለያየ።

አሁን ጥያቄዬን አድምጡኝ። ግብፅን በሰው አገር ሜዳ 2ለ0 ያሸነፈ ቡድን ያንን ቀን እንዴት እንደተጫወተ ስንቶቻችን መናገር እንችላለን? የአርቴታን የማዕዘን ምት ግን በወረቀት እንሥላለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በረት ያለችውን ላም ደግሞ ሣር ነፍገናታል።

«ግን እኮ...»

የሚመጡብኝን መልሶች አውቃለሁ፤ ሁሉንም ራሴ ብያቸዋለሁ።

አንደኛው፦ «ትልቅ ተጫዋች ሁሉ ትልቅ አሰልጣኝ አይሆንም።» ልክ ነው። እንዲያውም ከእናንተ በላይ እስማማለሁ። አንድ ሰው ጎል ስላገባ ብቻ ቡድን ይሰጠው አላልኩም። መማር አለበት፣ የአሰልጣኝነት ፈቃዱን በደረጃው ማግኘት አለበት፣ በረዳትነት ማገልገል አለበት። በዝና ብቻ መሾም ሌላው በሽታችን ነው፤ ደጋፊ ለማስደሰት የተሾመ ሰው ደጋፊ ሲከፋው ይወርዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ግን አንድ ሰው አሰልጣኝ መሆን አለመሆኑን በስድስት ጨዋታ ማን ያውቃል? አርቴታን በስድስት ጨዋታ ብንለካው ኖሮ ዛሬ የማንም ማልያ ላይ አርማውን አንለብስም ነበር።

ሁለተኛው፦ «የእኛዎቹ ዘመናዊ አይደሉም።» ዘመናዊነት ከጊዜ ውጭ በምን ይመጣል? ሐሳብ ለመሞከር መሳሳት ያስፈልጋል። በአንድ ሽንፈት እንደሚወርድ የሚያውቅ አሰልጣኝ ወጣት አያሰልፍም፣ አዲስ አሰላለፍ አይሞክርም፤ አምስት ተከላካይ ደርድሮ ረጅም ኳስ ያስመታል። ከዚያ እኛው «ኳሳችን ደረቀ» እንላለን። ያደረቅነው እኛ ነን።

ሦስተኛው፦ «እኔ አንድ ደጋፊ ነኝ፤ የእኔ ጩኸት ምን ያመጣል?» እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው።

በለንደን የምትጮኸው ጩኸት አትቆጠርም። የአርሰናል ባለቤቶች ባህር ዳር ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ማን እንደተናደደ አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ የላቸውም። አርቴታን የታገሥነው እኛ አይደለንም፤ የታገሡት ቀጣሪዎቹ ናቸው። እኛ የሰው ትዕግሥት አጨበጨብን። እዚህ ግን አብዛኛው የሊጉ ክለብ በጀቱን የሚያገኘው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም ነው። የክለቡ አመራር ብዙ ጊዜ ሌላ ወንበርም ያለው ሰው ነው፤ ወንበር ያለው ሰው ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈራው የተቆጣ ሕዝብ ነው። ስታዲየሙ ለሁለት ሳምንት «ይውረድ» ካለ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ይጻፋል። ደመወዝ ስለዘገየ ይሁን፣ ተጫዋች ስለተጎዳ ይሁን፣ ሜዳ ስለጠፋ ይሁን ማንም አይጠይቅም። አሰልጣኙን መሸኘት ርካሽ ነው፤ ጩኸቱን ያስታግሣል።

ገባችሁ? ትዕግሥታችን ምንም በማይለውጥበት ቦታ ዓመታት እናፈሳለን። ትዕግሥታችን የአንድን ሰው ሙያ በሚያድንበት ቦታ ደግሞ ዘጠና ደቂቃ እንሰስታለን። ፌዴሬሽኑን መውቀስ ቀላል ነው፤ ይወቀስም፣ ይገባዋል። ግን ፌዴሬሽኑ ሰይፉን ሲመዝ ሁልጊዜ «ሕዝቡ ነው ያለው» ይላል፤ ሕዝቡ እኔ ነኝ። ያን እሁድ የመጀመሪያው ጩኸት የእኔ ነበር።

ደግሞ ሲያድግ ማየት እንደምንችል ቅርብ ማስረጃ አለን። ባህር ዳር ከተማ በደግአረገ ይግዛው እየተመራ በ2015 ዓ.ም. የሊጉ 2ኛ ሆኖ ጨርሷል፤ ቀጥሎም በኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን ጥሎ አልፏል። «የሜዳውን» ጨዋታ አዲስ አበባ እየተጫወተ! የጣና ሞገዶቹ ያንን የሠሩት ከሰማይ በወረደ ነገር አይደለም፤ ቅርባቸው ያለ ሰው ሥራውን እንዲሠራ ስለተተወ ነው።

ዳር ላይ ያለው ሰው

ማታ ማታ ጣና ዳር፣ ከሐይቁ ርቆ ባለች ሜዳ ልጆች ይለማመዳሉ። ግቡ ድንጋይ ነው። የሚያሰለጥናቸው ድሮ የተጫወተ ሰው ነው፤ ስሙን ብጠራው አይወድም። ልጆቹ «ኮች» ይሉታል። ከእነሱ አንዱ የሳካን ማልያ ለብሷል፤ ቁጥሩ ከመታጠብ ብዛት ግማሹ ተልጧል። ኮች ያንን ልጅ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ትከሻውን አዙሮ እንዲያይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስተምረው አየሁ። አንድ ሰዓት፣ አንዲት ነገር። ልጁ ሃያ ጊዜ ተሳሳተ፤ ሰውየው ሃያ ጊዜ «ድገመው» አለ። ድምፁን አላነሣም።

ሲጨርሱ ጠጋ ብዬ «ኮች፣ ለምን ክለብ አትይዝም?» አልኩት።

ጫማውን እየፈታ ቀና ብሎ አየኝ። «ተጠይቄ ነበር» አለ። «እዚህ ይሻለኛል። እነዚህ አይሰድቡኝም።»

የምከራከረው ስለዚህ ሰው ነው። መንግሥቱ ሞቷል፣ ሉቺያኖ ሞቷል፣ ይድነቃቸው ሞተዋል። እነሱን በፎቶ ብናከብርም ባናከብርም ምንም አይጎድልባቸውም። ይህ ሰው ግን በሕይወት አለ፣ ዕውቀቱም ሙሉ ነው። ከዚያች ሜዳ የማይወጣው እኔን ፈርቶ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ለአርቴታ ያደረጋችሁትን ለአንድ የቅርብ ሰው አድርጉት። የከተማችሁን አሰልጣኝ ስም ዕወቁ። ምን ለመሥራት እየሞከረ እንደሆነ ከሦስት ጓደኞቻችሁ ጋር ተከራከሩ፤ እንደ ማዕዘን ምቱ በወረቀት ሣሉት። ሥራው ካልጣማችሁ ተቹት፣ አጥብቃችሁ ተቹት፤ ግን አጨዋወቱን እንጂ እናቱን አይደለም። «ይውረድ» ከማለታችሁ በፊት አንድ የውድድር ዓመት ይሙላ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለአርቴታ ከሰጣችሁት ሩቡ እንኳን አይሆንም።

እኔ አሁንም አርሰናል ነኝ፤ እሱን አልደብቅም። አሁንም ስታዲየም እሄዳለሁ። ስሄድ ግን ከበሩ ላይ የአሥር ብር ቆሎ እገዛለሁ። ቡድናችን መመራት ሲጀምር፣ አሰልጣኙ የማይገባኝን ቅያሪ ሲያደርግ፣ ጉሮሮዬ ሲያሳክከኝ፣ አንድ እፍኝ አፌ ውስጥ እጨምራለሁ። አጠገቤ ላለው ልጅም እዘረጋለታለሁ።